ባትሌይ 10፣ ሴንት ሄለንስ 3፦ የመጀመሪያው የራግቢ ሊግ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ

ከሊድስ

ስለ ኤፍኤ ዋንጫ በዚህ መድረክ ያልተባለ ነገር የለም። ዛሬ ስለ ሌላው የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ እንነጋገር፤ ስለ ራግቢ ሊጉ ቻሌንጅ ካፕ። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በ1896-97 የጨዋታ ዘመን ነው። ፍጻሜው ኤፕሪል 24 ቀን 1897 እኔ በምኖርባት ሊድስ፣ ዛሬም ድረስ ራግቢና ክሪኬት በሚታይበት የሄዲንግሊ ሜዳ ተደረገ። ባትሌይ ሴንት ሄለንስን 10 ለ3 አሸንፎ ዋንጫውን በላ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻውን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ራግቢ ያኔ አንድ ነበር፤ የሚመራውም ለንደን በተቀመጠው የራግቢ ፉትቦል ዩኒየን ነበር። ማኅበሩ በ1886 ለተጫዋች ገንዘብ መስጠትን በሕግ ከለከለ። በደቡብ የሚጫወተው ባለ ርስቱ፣ ጠበቃውና የኮሌጅ ተማሪው ስለነበር ሕጉ የማንንም ኪስ አልነካም። በሰሜን፣ በዮርክሻየርና በላንክሻየር ግን የሚጫወተው ከሰል ቆፋሪው፣ የጨርቃ ጨርቅና የመስታወት ፋብሪካው ሠራተኛ ነው። እሱ ደግሞ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ሥራ ላይ ነው። ሩቅ ሜዳ ለመጫወት ባቡር ከተሳፈረ የዕለቱ ደመወዝ ቀረበት ማለት ነው። የሰሜን ክለቦች «የቀረበትን እንኳ እንተካለት» የሚል ሐሳብ በሴፕቴምበር 1893 ለንደን ለተሰበሰበው ጉባኤ አቀረቡ፤ 282 ለ136 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ኦገስት 29 ቀን 1895 ሀደርስፊልድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን የሰሜን ዩኒየን፣ የዛሬውን የራግቢ ሊግ መነሻ፣ አቋቋሙ። ሥራውን ትቶ ለሚጫወት ሰው የሚሰጠው ካሳ በቀን ከ6 ሺሊንግ እንዳይበልጥ ተወሰነ (ያኔ 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነበር)።

ብዙ ሰው መለያየቱን የ6 ሺሊንግ ጸብ አድርጎ ያወራዋል። እኔ አልስማማም። ስድስቱ ሺሊንግ ከለንደን አላቀቃቸው፤ እግር ያስተከላቸው ግን ዋንጫው ነው።

ለምን ቢባል፣ በመጀመሪያው ዓመት 22 ክለቦች በአንድ ሊግ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው 42 ጨዋታ አደረጉ። ማኒንግሃም የሚባል የብራድፎርድ ክለብ ሻምፒዮን ሆነ። ጉዞውም ወጪውም ስለበዛ በሁለተኛው ዓመት ሊጉ ለሁለት ተከፈለ፤ ዮርክሻየር ለብቻ፣ ላንክሻየር ለብቻ። እንግዲህ የሁለቱ አውራጃዎች ኃይለኞች የት ይገናኙ? ይህን ቀዳዳ የደፈነው ጥሎ ማለፉ ነው። 56 ክለቦች ተመዘገቡ። ለንደን እንዲህ ያለውን አገር አቀፍ ዋንጫ ለዓመታት አልፈቅድም ሲል ኖሯል፤ ዋንጫ ካለ ሕዝብ ይመጣል፣ ሕዝብ ከመጣ ገንዘብ ይመጣል፣ ገንዘብ ከመጣ ተጫዋቹ ድርሻዬ ይላል ብሎ ነው። ስጋቱ እውነት ነበር፤ ጥፋቱ ነገሩን እንደ በሽታ መቁጠሩ ላይ ነው።

ሰሜኖች ደግሞ የዋንጫን ጣዕም አስቀድመው ያውቁታል። የዮርክሻየር ዋንጫ ከ1877 ጀምሮ ነበራቸው፤ ሕዝቡ «አሮጌው የቆርቆሮ ማሰሮ» እያለ ይጠራው ነበር። የፈለጉት ይህንኑ አስፍተው የሰሜኑን ሁሉ የሚያዳርስ ማድረግ ነው። ለብራድፎርዶቹ ብር አንጥረኞች ለፋቶሪኒዎች 60 ፓውንድ ከፍለው የብር ዋንጫ አሠሩ፤ ለአሸናፊ ተጫዋቾችም በነፍስ ወከፍ የ3 ጊኒ (3 ፓውንድ ከ3 ሺሊንግ) ሜዳሊያ ተዘጋጀ።

ምን ትላላችሁ?

ጣና ዳር

መጀመሪያ ይህ ባትሌይ ማን ነው? ሊድስን፣ ብራድፎርድን፣ ዊጋንን እንኳ ሰምቻለሁ። ሴንት ሄለንስም በራግቢ ስሙ የታወቀ ነው። ባትሌይን ግን ካርታ ላይ ፈልጌ በጭንቅ ነው ያገኘሁት። እና ደግሞ ራግቢ ሊግ በ13 ሰው አይደለም እንዴ የሚጫወተው? ያየሁት የቡድኑ የጥንት ፎቶ ላይ ግን 15 ሰው ቆጠርኩ።

ከሊድስ

ቆጠራህ ትክክል ነው። በ1897 የሰሜን ዩኒየን ጨዋታ ገና በ15 ሰው ነበር፤ ወደ 13 የወረደው በ1906 ነው። ሕጉ በአብዛኛው ከለንደኑ ራግቢ ጋር አንድ ነበር፤ የተለያዩት በአስተዳደር እንጂ በአጨዋወት አልነበረም።

ባትሌይ ከሊድስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ማይሎች ራቅ ብላ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የሱፍ ከተማ ናት። እንጀራዋ የአሮጌ ልብስ ቡትቶ ነበር። ቤንጃሚን ሎው የተባለ ሰው በ1813 ገደማ ያረጀ የሱፍ ጨርቅ ፈጭቶ፣ ከአዲስ ሱፍ ጋር ቀላቅሎ እንደገና መፍተልና መሸመን የሚቻልበትን ዘዴ እዚያው አገኘ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ቡትቶ ከያለበት እያስመጣች ካፖርትና ብርድ ልብስ ታመርት ጀመር። የክለቡ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ከእነዚህ ፋብሪካዎች የወጡ ናቸው።

ሜዳቸው ማውንት ፕሌዘንት ይባላል፤ ከ1880 ጀምሮ እስከ ዛሬ አልለቀቁትም። አንድ ቀን ብታየው ትስቃለህ፤ ሜዳው ያዘነበለ ነው። ለዓይን ዘመም ያለ የሚመስል ሳይሆን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ጥርት ብሎ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። እንግዳ ቡድን በአንዱ አጋማሽ ሽቅብ ይገፋል፤ ጊዜው ደርሶ ቁልቁለቱ ለእሱ ሲሆን ጉልበቱ አልቆ ይገኛል። ባትሌዮች ግን ልጅነታቸውን እዚያ ላይ የጨረሱ ናቸው። ቅጽል ስማቸው «ጀግኖቹ ወጣቶች» ነበር።

መዝገብ ቤት

ከሊድስ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ ዋናውን ግን ዘለልከው። «ስድስቱ ሺሊንግ አላቀቃቸው፣ ዋንጫው አቆማቸው» ብለህ ሁለቱን ነጣጥለህ አስቀመጥክ። አይነጣጠሉም።

እስቲ አስበው፤ አንድ የሴንት ሄለንስ የመስታወት ፋብሪካ ሠራተኛ ለዋንጫ ጨዋታ ዮርክሻየር መሄድ አለበት። በመካከል የፔናይን ተራራ አለ። ባቡሩ ጠዋት ነው የሚነሣው። ሰውየው የቅዳሜውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይተዋል። ካሳ ካልተከፈለው ወይ አይሄድም፣ ወይ ሄዶ ልጆቹን ያስርባል። ለዚህ ነው ለንደን ካሳውን ሲከለክል ዋንጫውንም አብሮ የከለከለው፤ በተግባር አንዱን መፍቀድ ሌላውንም መፍቀድ ነበር። አንተ ዋንጫውን ያወደስክበት ቃል ሁሉ የስድስቱ ሺሊንግ ሥራ ነው።

ለንደኖች ለምን እንደፈሩም አትርሳ። እግር ኳስን አይተው ነው። የኤፍኤ ዋንጫ በ1871-72 ሲጀመር የባለጸጎቹ ትምህርት ቤት ምሩቃን ነበሩ የሚያሸንፉት። በ1883 ግን የብላክበርን ኦሊምፒክ ሸማኔዎችና ሠራተኞች ኦልድ ኢቶኒያንስን በፍጻሜው ረቱ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1885፣ የእግር ኳሱ ማኅበር ሙያተኝነትን ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ አንድም የባለጸጋ ልጆች ክለብ ዋንጫውን አልበላም። የራግቢ ሹማምንት ይህን በዓይናቸው አይተዋል፤ የ1886ቱ ክልከላ የመጣውም በማግስቱ ነው። ዮርክሻየር ውስጥ ራሱ ፍራንክ ማርሻል የሚባሉ ቄስና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ማን ለማን ስንት ሰጠ እያሉ ክለቦችን ሲያሳድዱ ኖረዋል።

እሙ ናሆም

ክርክሩን ወደኋላ እንመለስበታለን፤ ጨዋታውን ራሱን ንገሩን እንጂ! ፍጻሜው እንዴት ነበር? ሴንት ሄለንሶች የለበሱት ማሊያ አንድ ዓይነት አልነበረም የሚል ነገር አንብቤ ነበር፤ እውነት ነው?

ከሊድስ

እሙ ናሆም፣ እውነት ነው። ለአገሪቱ የመጀመሪያ የሰሜን ዩኒየን የዋንጫ ፍጻሜ ሴንት ሄለንሶች አንድ ወጥ የቡድን ማሊያ ሳይኖራቸው ነው የገቡት። እያንዳንዱ ያለውን ለብሶ መጣ። ዛሬ ክለቡ በሀብትና በዋንጫ የታወቀ ስለሆነ ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው።

ወደ ፍጻሜው የመጡበት መንገድ ጥሩ ነበር። ዊጋንን ጥለዋል፤ በግማሽ ፍጻሜው ስዊንተንን 7 ለ0 አሸነፉ። ባትሌይ ደግሞ ሀደርስፊልድ ፋርታውን ላይ ዋሪንግተንን 6 ለ0። ማለትም ሁለቱም በግማሽ ፍጻሜው መረባቸውን ሳያስደፍሩ (በራግቢ መረብ የለም፣ ለአነጋገር ያህል ነው) ደረሱ።

ፍጻሜው፦ 13,492 ተመልካች፣ ዳኛው የዊድነሱ ስሚዝ። የመጀመሪያውን ነጥብ ያገኘው የባትሌዩ ዋቲ ዴቪስ ነው። ከዌልስ የመጣ ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ኳስ ይዘህ ስትከበብ ኳሱን መሬት ላይ ጣል አድርገህ ነጥሮ ሲነሣ በምሰሶዎቹ መካከል በአግዳሚው ላይ ከላክኸው 4 ነጥብ ታገኛለህ። ዴቪስ ያደረገው ይህንን ነው። አስቡት፤ ኳሱ ሞላላ ነው፣ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም፣ የተጋጣሚ ስምንት የፊት ተጫዋቾች እየመጡብህ ነው፤ ለማስላት የምታገኘው ጊዜ አንድ እርምጃ የምትራመድበትን ያህል ብቻ ነው። 4 ለ0። ቀጥሎ የቡድኑ አምበል ጆን ጉዶል ኳሱን ከመስመሩ ማዶ መሬት አስነክቶ ትራይ አገባ፤ 3 ነጥብ። በእረፍት 7 ለ0።

ከእረፍት በኋላ «ጃምቦ» የሚሉት የሴንት ሄለንሱ ዴቭ ትሬይነር ሮጦ ትራይ አገባ፤ 7 ለ3። አንድ ትራይ ቢጨምሩና ተከታዩ ምት ቢገባላቸው ይመሩ ነበር። ሆኖም የባትሌዩ የፊት ተጫዋች ማንስ ሌላ ትራይ ሲጨምር ነገሩ አለቀ።

የቀን አቆጣጠር

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1897 በእኛ ሚያዝያ 17 ቀን 1889 ዓ.ም. ነው፤ ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ። የዚያ ዓመት ፋሲካ በእኛ በማግስቱ ሚያዝያ 18 ስለነበር ጨዋታው የተደረገው በቀዳም ሥዑር ነው። እነሱ ፋሲካቸውን ከሳምንት በፊት ፈስከው ጨርሰዋል። የእኛ አባቶች ቄጠማ በራሳቸው አስረው በሚውሉበት ቀን ሊድስ ላይ 30 ሰው በጭቃ ይተናነቅ ነበር።

ጣና ዳር

ይህን ያሰላኸው ቁጭ ብለህ ነው? እግዚአብሔር ይስጥልን።

ባለሜዳው

ይቅርታ ይደረግልኝና እናንተ ጨዋታውን አስውባችሁ ነው የምታወሩት። 10 ለ3፣ 6 ለ0፣ 7 ለ0። በ80 ደቂቃ ውስጥ! የዘመኑ ራግቢ አሰልቺ ነበር። 16 የፊት ተጫዋቾች ተቃቅፈው ስክረም ውስጥ ሲገፋፉ ኳሱ የት እንዳለ ዳኛውም አያውቅም። ኳስ ከዳር መስመር ሲወጣ ሁለት ረድፍ ተሰልፎ መዝለል፣ ከዚያ እንደገና መገፋፋት። ዋንጫው ያን ያህል ድንቅ ከሆነ ለምን ሕጉን ወዲያው መለወጥ አስፈለጋቸው?

መዝገብ ቤት

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የከሊድስን ሐሳብም ሳይወድ በግድ ይደግፋል። ሕጉ የተለወጠው ተመልካቹ ስለሚከፍል ነው። የሚከፍል ሰው ይሰለቻል፤ ሲሰለች ይቀራል። ለንደን ግን የተመልካች መሰልቸት አያሳስበውም፤ ጨዋታው ለተጫዋቹ ነው የሚል እምነት ነበረው።

በ1897፣ ይህ የመጀመሪያ ውድድር ባለቀበት ዓመት፣ ሰሜኖች ያልከውን የዳር መስመር ሰልፍ አስቀሩት። በእግር የሚገኝ ማንኛውም ነጥብም ከ2 እንዳይበልጥ ወሰኑ፤ ትራይ በ3 ቀረ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ኳሱን ይዘህ ሩጥ፣ መስመሩን አልፈህ አስነካ፣ ከሩቅ እየመታህ አትብላ። የዋቲ ዴቪስን ምት በአዲሱ ሕግ ብታሰላው 2 ነጥብ ብቻ ስለሚሆን ፍጻሜው 8 ለ3 ያልቅ ነበር። በ1906 ደግሞ ሁለት ሰው ከየቡድኑ ቀንሰው ሜዳውን ከፈቱት፤ የተያዘ ተጫዋች ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደኋላ የሚያቀብልበት ሥርዓትም ያኔ ገባ። ዛሬ የምታየው ራግቢ ሊግ የተወለደው በዚህ ዓይነት ተራ በተራ ነው።

ባለሜዳው

ተቀብያለሁ፤ ግን አሁንም 6 ለ0 የሆነ ግማሽ ፍጻሜ ለማየት ባቡር አልሳፈርም።

ፒያሳ

አርሰናል እንኳ ከ6 ለ0 ያነሰ ነገር እያሳየን ስንት ዓመት ታግሰናል።

የመድረኩ ኃላፊ

ፒያሳ፣ ለአርሰናል የራሱ ክፍል አለው። እባካችሁ ከርዕሱ አንውጣ።

እሙ ናሆም

ማኒንግሃም የተባለው የመጀመሪያው ሻምፒዮን የት ደረሰ? አሁን ባሉት ክለቦች ዝርዝር ውስጥ አላየሁትም።

ከሊድስ

ይህ ታሪክ ለብቻው አንድ ክር ይወጣዋል። ማኒንግሃም በ1896 ሻምፒዮን ሆኖ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በገንዘብ ተቸገረ። በ1903 የቀስት ውርወራ ውድድር አዘጋጅቶ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ከዚያም የክለቡ ሰዎች ራግቢን እርግፍ አድርገው ወደ እግር ኳስ ዞሩ። የዛሬው ብራድፎርድ ሲቲ የዚያ ክለብ ልጅ ነው፤ ሜዳውም ያው የጥንቱ ቫሊ ፓሬድ።

ቀጥሎ ያለውን ስሙኝ። በ1911 የእግር ኳሱ ማኅበር ለኤፍኤ ዋንጫ አዲስ የብር ዋንጫ አሠራ። የሠሩት እነዚያው የብራድፎርድ ፋቶሪኒዎች ናቸው። በዚያው ዓመት አዲሱን ዋንጫ መጀመሪያ የበላው ብራድፎርድ ሲቲ ነው፤ ኒውካስልን በድጋሚ ጨዋታ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 1 ለ0 አሸንፎ። ስለዚህ ማኒንግሃም ሆኖ የፋቶሪኒዎችን የራግቢ ዋንጫ አንድ ጊዜም ያልነካው ክለብ፣ ስፖርቱን ቀይሮ የእግር ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

መዝገብ ቤት

ልጄ፣ ይህን ስትጽፍ የራስህን ክርክር እንዳፈረስክ ታውቆሃል? ዋንጫው ነው ያቆማቸው አልክ። የመጀመሪያውን ሻምፒዮን እንኳ አላቆመውም! ጥሎ ማለፍ የሚጠቅመው የሚያልፈውን ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ የወደቀ ክለብ ከዋንጫው ያገኘው የአንድ ቀን የበር ገቢና የባቡር ወጪ ብቻ ነው። ከ56ቱ ውስጥ ዛሬ ስማቸው የማይነሣ ስንት አሉ? ታይልድስሊ የት አለ? ብራይሃውስ ሬንጀርስ በዚያው ዓመት የዮርክሻየርን ሊግ የበላ ክለብ ነው፤ ዛሬ ማን ያነሣዋል? ብሮተን ሬንጀርስ የላንክሻየሩን በላ፣ በ1902ም ሳልፎርድን 25 ለ0 ቀጥቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ እሱም የለም።

ከሊድስ

ጋሼ፣ ክለብ ይሞታል፤ እኔ ያልኩት ማኅበሩን ነው። ቁጥሩን ይመልከቱ። በ1897 ፍጻሜውን 13,492 ሰው አየ። በዓመቱ እዚያው ሄዲንግሊ ላይ ባትሌይ ብራድፎርድን 7 ለ0 ሲያሸንፍ 27,941 ሰው ተገኘ፤ ከእጥፍ በላይ። በ1899 ፍጻሜው ከዮርክሻየር ወጥቶ ማንቸስተር፣ ፋሎውፊልድ ገባ፤ ኦልድሃም ሀንስሌትን 19 ለ9 ሲረታ ዋንጫው ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራውን ተሻግሮ ላንክሻየር ደረሰ። በ1901 ባትሌይ ዋሪንግተንን 6 ለ0 አሸንፎ ሦስተኛውን ሲወስድ ሄዲንግሊ ላይ 30 ሺህ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር። ሊጉ ለሁለት እየተከፈለና እየተጠገነ፣ ክለቦችም በውድድሩ አደረጃጀት ላይ እየተጨቃጨቁ ባሉበት በዚያው ጊዜ በየዓመቱ የማይናወጠው ነገር የዋንጫው ቅዳሜ ብቻ ነበር።

በተቃራኒው ለንደንን ይዩ። ከተገነጠሉት ጋር የተጫወተ፣ ምንም ገንዘብ ባይቀበልም እንኳ፣ ሙያተኛ ተብሎ እንዲታገድ ደነገገ። ውጤቱ ምን ሆነ? አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ግማሽ የሚያህሉት ክለቦቹ ከእጁ ወጡ።

ጣና ዳር

ከሊድስ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ከተገነጠሉ በኋላ ለምን በቀጥታ ሙያተኞች ነን አላሉም? 6 ሺሊንግ ላይ መገተር ምን አመጣው?

መዝገብ ቤት

ፈርተው ነው። ብዙዎቹ የክለብ መሪዎች ራሳቸው ባለ ፋብሪካዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ተጫዋቹ በእግሩ እየኖረ ከሥራ እንዲርቅ አልፈለጉም፤ እነሱም በራሳቸው መንገድ የለንደንን ዓይነት ሥነ ምግባር ይሰብኩ ነበር። በ1898 ሙያተኝነትን በይፋ ሲፈቅዱ እንኳ ከባድ ማሠሪያ አበጁለት፤ ተጫዋቹ የታወቀ ቋሚ ሥራ ሊኖረው ግድ ሆነ፣ ሥራውም «ጨዋ» ሥራ መሆን ነበረበት። በቢሊያርድ ቤት ነጥብ መያዝ፣ በመጠጥ ቤት ማስተናገድ፣ ለአቋማሪ መላላክ አይቆጠርም። ሥራውን ያጣ ተጫዋች ጨዋታውንም ያጣል ማለት ነው። ይህ ማሠሪያ እስከ 1905 ዘልቋል።

ስለዚህ ሰሜኖቹን የነጻነት አርበኞች አድርጋችሁ አትሳሏቸው። ከለንደን ጋር የተጣሉት ለሠራተኛው ተሟግተው ነው፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን ያንኑ ሠራተኛ የሚቆጣጠሩት እነሱ ሆኑ።

እሙ ናሆም

ይህ ነው የታሪክ አስቂኝ ገጽታው። እኔ በበኩሌ ዲውስበሪን ነው የማደንቀው። ባትሌይ አጠገብ ያለው የጎረቤት ክለብ ነው፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ ባላንጣዎች ናቸው። በ1895 ጆርጅ ሆቴል ላይ ሌሎቹ ሁሉ ሲስማሙ አልገባም ብሎ ወደኋላ ያለው ዲውስበሪ ነበር። በዚህ ምክንያት ጎረቤቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ሲያነሣ እሱ ውጭ ሆኖ ማየት ግድ ሆነበት። በ1898 ደግሞ ተንፏቆ ገባ። በ1912 ዋንጫውን በላ፤ በ1929 ፍጻሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዌምብሌይ ሲደረግ ከዊጋን ጋር የተሰለፈው ማን ሆነና! ዲውስበሪ። 13 ለ2 ቢሸነፍም፣ ለንደን ድረስ ሄዶ ዋናውን ሜዳ የረገጠው ያ ወላዋይ ክለብ ነው። ባትሌይ በቻሌንጅ ካፕ ዌምብሌይን አላየም።

ከሊድስ

እውነት ነው፤ ባትሌይ ከ1901 በኋላ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ዋንጫዎች ሦስቱን ወስዶ ከዚያ ዝም። ትንሽ ከተማ ናት፤ ተጫዋች በገንዘብ ሲገዛ ትልቁ ኪስ ያሸንፋል። አንድ ጊዜ በ1924 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነዋል። በአንጻሩ ሴንት ሄለንስ ያጣትን ዋንጫ ለማግኘት እስከ 1956 ጠብቋል፤ ሀሊፋክስን 13 ለ2 አሸንፎ። ከዚያ ወዲህ ማቆሚያ የለውም።

ዌምብሌይን ግን ባትሌዮች በመጨረሻ አይተውታል። በ2019 ከዋናው ሊግ በታች ላሉ ክለቦች አዲስ ውድድር ተቋቋመ፤ ስሙም የመለያየቱን ዓመት ይዞ «የ1895 ዋንጫ» ተባለ። ኦገስት 2023 ባትሌይ ለዚህ ፍጻሜ ዌምብሌይ ወጣ። ሀሊፋክስ 12 ለ10 አሸነፈው።

ባለሜዳው

በሁለት ነጥብ! ከ6 ለ0ው ይሻላል፤ ይህን ቢሆን ባቡር እሳፈርለት ነበር።

ከሊድስ

ጋሼ መዝገብ ቤት፣ ስለ ስድስቱ ሺሊንግ አንድ ሒሳብ ልሥራልዎትና ይፍረዱ። የ1897ቱ ፍጻሜ የበር ገቢ 624 ፓውንድ ከ17 ሺሊንግ ከ7 ፔንስ ነበር። ለተመልካቹ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 11 ፔንስ ገደማ ነው፤ ሺሊንግ አይሞላም። ሁለቱም ቡድኖች ለ15 ተጫዋቾቻቸው 6 ሺሊንግ ቢከፍሉ የአንዱ ቡድን 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ፣ የሁለቱ ድምር 9 ፓውንድ ነው። ከ624 ውስጥ 9! ዋንጫው ራሱ 60 ነው የተሠራው። ለንደን አገር ይፈርሳል ብሎ የተሟገተው በዚህ 9 ፓውንድ ነው። ገንዘቡ ከአንድ የፍጻሜ በር ይህን ያህል ከመጣ፣ ያመጣው ዋንጫው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

መዝገብ ቤት

ሒሳብህ ልክ ነው፤ የመረጥከው ቀን ግን የፍጻሜው ቀን ነው። ያንኑ ሒሳብ ማርች ላይ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ ዝናብ በሚጥልበት ቅዳሜ፣ ጥቂት መቶ ሰው በመጣበት የመንደር ሜዳ ሥራው። 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንጉ እዚያ ላይ የቀኑን ገቢ ግማሽ ሊበላ ይችላል፤ የባቡሩ ገና አልተነሣም። ትንሹ ክለብ ግን እያወቀ ከፈለ፤ ከ56ቱ ተመዝጋቢዎች የሚበዙት ፍጻሜ እንደማይደርሱ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ስድስቱን ሺሊንግ ከዋንጫው የማስቀድመው።

ከሊድስ

የመጀመሪያውን ዙር ሒሳብ ልቀበል እችላለሁ፤ «የማስቀድመው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ያ ትንሽ ክለብ ያንን ገንዘብ እያወቀ የከፈለው የዋንጫ ቅዳሜ ስለሆነበት ነው፤ ለሌላ ጨዋታ ቢሆን ባልከፈለም። ስለ 1898ቱ የባትሌይና የብራድፎርድ ፍጻሜ ነገ አዲስ ክር እከፍታለሁ፤ እዚያ እንቀጥላለን።

የቀን አቆጣጠር

ያንንም ቀን አሰላላችኋለሁ።